ዝቅ ያለችው መኪና

ደስ ብሎኛል! አርብ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ጽሑፌን እንዳነብ ተመረጥኩ። ስለ ማን የጻፍኩ ይመስላችኋል? መኪናውን ዝቅ አድርጎ ራሱን ከፍ ስለሚያደርግ ሰው። አታውቁትም? እኛ ቤት አለ፤ ወንድሜ ነው።

እናታችንን ወገቧን ያማታል። የመጋላ ሰፈሩ መካኒክ «አቦ፣ ለእናትህ ስትል መንገዱ እንዳይንጣት ለስላሳ ሞላና ደህና ሾክ ምረጥ» ቢለው፣ ወንድሜ «የመኪናዋ ቁመና ይበላሻል» ብሎ፣ ጭራሽ ዝቅ እንድትል የነበረውን ሞላ አስቆረጠው።

ትናንት ሐኪም ቤት ሲወስዳት፣ አስፋልቱ ላይ ጉብታ በመጣ ቁጥር «እማ፣ የመኪናዋ ሆድ እንዳይጫር አንዴ ውረጂ» ይላታል። ሦስተኛው ላይ እናቴ «የታመምኩት እኔ ነኝ ወይስ እሷ?» አለችው።

«እማ ደግሞ! አንቺ ትድኛለሽ።»

ለአርብም «እማን እኔ አመጣታለሁ» ብሏል። እናንተም ኑ። መንገድ ላይ ወገቧን ይዛ ከመኪና ኋላ የምትሄድ ሴት ካያችሁ፣ እባካችሁ በባጃጅ አምጡልኝ።