ዶኛ ኤዱቪሄስ ለዶሮዎቻቸው ዛጎል የወቀጡበት ዘመቻ

አውሎ ነፋስ የትምህርት ቤቱን ጣራ በወሰደ በሦስተኛው ዓመት፣ የዐሥራ አንድ ዶሮዎች እመቤት፣ የቦካ ቪዬሃ ጓሮ ባለ ግርማ ዶኛ ኤዱቪሄስ በነገሡ በዐሥራ ዘጠነኛው ዘመን፣ በወርኃ መስከረም፣ በጓሮው ላይ ጽኑ መቅሠፍት ወረደ። የእንቁላሉ ቅርፊት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳሳ፤ ገሚሱም ያለ ቅርፊት እየወጣ ይፈርጥ ጀመር፤ ከጫጩትነቷ በጉያቸው ያሳደጓት ነጯ ዶሮም እግሯ ከድቷት ተቀመጠች።

ባለቤታቸው ዶን አንሴልሞም አንዱን ልፍስፍስ እንቁላል በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው በጓሮው መካከል አዋጅ አስነገሩ፦ «ሴትዮ! ይሄ እንቁላል ነው ወይስ ውሃ የሞላ ፌስታል? በቆሎዬን መብላታቸው ሳያንስ ግድግዳዬን ቦርቡረው ጨረሱት! ለቅዱስ ሚካኤል በዓል አንዷም አትተርፍ፤ ሁሏም የሳንኮቾ ሾርባ ድስት ውስጥ ትገባለች!»

እመቤቲቱ በልባቸው አለቀሱ። ነገር ግን ወደ ግድግዳው ቀርበው ቢመለከቱ፣ ዶሮዎቹ ኖራውን ብቻ ለቅመው ጭቃውን ትተውት አገኙ። ያን ጊዜ ነገሩ በራላቸውና መለሱ፦ «ግድግዳህን ማን ፈለገው? ካልሲየም አጥሯቸው ነው! በቆሎ ብቻ የምትበላ ዶሮ ቅርፊቱን ከየት ታምጣው? ከገዛ አጥንቷ እየቀነሰች እኮ ነው የምትሰጥህ! እስከ በዓሉ ዐሥራ ሁለት ቀን አለ፤ ታገሠኝ።»

ወዲያውም ወደ ባሕሩ ዳር ዘመቱ። የተከተላቸውም ሠራዊት፦ እህታቸው ፍሎሪንዳ ከነጆንያዋ፣ ጎማው የሚያለቅስ አንድ ጋሪ፣ ከሁሉም ኋላ ማንም ያልጠራው ውሻ። ከዓሣ ጠባሾቹ ዳስ ጀርባ የተከመረውን ባዶ ዛጎል ማፈስ ሲጀምሩ፣ ጠባሹ ካሲሚሮ ጮኸ፦ «ዶኛ፣ ሥጋውን እኛ ሸጥነው፤ ይሄን ምን ሊያደርጉት ነው?»

«ላበላው!»

«ለማን? ለዶን አንሴልሞ?»

ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። እርሳቸው ግን ጋሪውን ሞልተው ተመለሱ፤ ዛጎሉን አጥበው፣ ቀቅለው፣ አድርቀው በሙቀጫ ይወቅጡት ጀመር። ፍሎሪንዳም ባላመችው ጊዜ፦ «አንቺ፣ አታልሚው! ዱቄቱ ቶሎ ያልፍባቸዋል። ጠጠር ጠጠሩ ሌሊቱን ሆዳቸው ውስጥ ይቆያል፤ ቅርፊቱ የሚሠራው ያኔ ነው!» አሉ። ከመኖው ለይተውም፣ እያንዳንዷ የሚበቃትን እንድትለቅም፣ ለብቻው በገበታ አቀረቡላቸው።

በአራተኛውም ቀን እንቁላሉ እንደ ፈረጠ ነበር፤ ዶን አንሴልሞ ቢላዋ ሳሉ። በስምንተኛው ቀን ነጯ ዶሮ ተነሥታ ቆመች። በበዓሉ ዋዜማ ማለዳ ዘጠኝ እንቁላል ተገኘ።

ዶን አንሴልሞም ሊፈትኑ አንዱን አንሥተው በመጥበሻው ጠርዝ መቱት፤ አልተሰበረም። ደገሙት፤ እንቢ አለ። በሦስተኛው በኃይል ቢመቱት ፈንድቶ የበዓል ሸሚዛቸውን አጨማለቀው። ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ አስኳል ከአገጫቸው እየወረደ፣ ሁለተኛውን አዋጅ አስነገሩ፦ «በቃ! ለሳንኮቾው ሥጋ እገዛለሁ። ከእንግዲህ እነዚህን ዶሮዎች የሚነካ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው!»

ኦ ኤዱቪሄስ፣ ደም ሳያፈሱ ድል የነሡ! ሌሎች ግንብ አሠርተው ስማቸውን አስጠሩ፤ እርሳቸው ግን በር የሌለውን ክብ ግንብ፣ በየማለዳው አዲስ፣ በዶሮ ሆድ ውስጥ አሳነጹ።