በዓይን የሚታዘዘው ልጅ

የሌላ ሰው ልጅ ሳትመዝን የምታድር እናት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። አንዷ «ጥርስ አወጣ?» ትላለች፤ ሌላዋ «የእኔስ በዚህ ዕድሜው ይሮጥ ነበር» ብላ የጎረቤቷን አንጀት ታሳርራለች። ትልቁ ፈተና ግን እንግዳ ፊት ነው። እናቱ ቃል ሳይወጣት በዓይኗ ብቻ «ውጣ፣ ተቀመጥ፣ እንዳትነካ» ስትለው የታዘዘ ልጅ፣ እሱ ጨዋ ነው። አለፈ በቃ።

በጋሞ ምድር ባለችው መንደራችን በላንቴ ይህን ፈተና እንደ አስቴር ልጅ እንደ ታምራት ያለፈ አልነበረም። ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ አይናገርም፣ አያስቸግርም፣ የእናቱን ዓይን ብቻ ያያል። የቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ስለሆንኩ ሌሎቹን «እንደ ታምራት ሁኑ!» እላቸዋለሁ። አስቴር ግን ሥጋት ገብቷታል። «ልጄ ደህና ነው አይደል?» ትለኛለች። «ዝም አይነቅዝም! አባቱስ አፉን የፈታው ዘግይቶ አይደል?» እላታለሁ።

ጊዜው የደርግ ነው። አንድ ባለሙያ የሕፃናትን ዕድገት የሚመዝንበትን ዕቃ በሻንጣ ይዞ ከአዲስ አበባ መጣ። አስቴር «ደህና ነው» የሚለውን ቃል ከእሱ አፍ ልትሰማ፣ ልጇን አጥባ፣ ቅባት ቀብታ ቀበሌው አዳራሽ ከተፍ አለች። እኔ ወደ ጋሞኛ አስተረጉማለሁ።

«ደረጃ ይወጣል?» አለ ሰውየው።

«ኧረ ደረጃ ከየት አምጥቼ! ማንጎ ዛፍ ላይ ግን ይወጣል።»

«በማንኪያ ይበላል?»

«እጁ ምን ሆነና?»

እናቶቹ በሳቅ ፈረሱ። የደላው ሰው ፈተና ነው ብለን ናቅነው።

ከዚያ ሰውየው ከልጁ ጀርባ ሆኖ ትንሽ ቃጭል አንሿሿ። ታምራት እናቱን አየ። እናቱ ዓይኗን ወደ ኋላው ወርወር አደረገች። ዞረ። «ጎሽ!» አልን በአንድ አፍ። ሰውየው ግን አልሳቀም፤ አስቴርን ትንሽ አያትና «እህቴ፣ እስቲ አንዴ ዓይንዎን ይጨፍኑልኝ» አለ።

ነገሩ የገባኝ ስተረጉም ነው።

ጨፈነች። ቃጭሉ ተንሿሿ። ደግሞ ጠንከር ብሎ ተንሿሿ። ድምፁን ስትሰማ የአስቴር ፊት በራ፤ ዓይኗን እንደጨፈነች ወደ እኔ ዞራ «ዞረ?» አለችኝ።

ታምራት የተጨፈኑትን የእናቱን ዓይኖች ትክ ብሎ እያየ ትእዛዝ ይጠብቃል።