ካላፏጨህ እየበላህ ነው

አምቡላንሱ ዛሬ ከሰዓት ቁልቁለቱን ወርዶ ሄደ። እጄ እስከ ክርኔ ጥቁር ነው። የቼሪ ጭማቂ ነው፤ ግን ባየሁት ቁጥር ደም እየመሰለኝ እደነግጣለሁ።

በየመንደሩ አንድ ሰው አለ፤ ዓለም በሙሉ ሊሰርቀው ተማክሮ ያደረ የሚመስለው። ጥላውን ዞሮ «ምን ትከተለኛለህ?» የሚል ዓይነት። በእኛ መንደር ይህን ሹመት የያዙት ክብርት ማዳም ክሌማንስ ናቸው። ሰማንያ ምናምን ዓመታቸው ነው፤ እንቁላል ሲቀቅሉ እንኳ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ይጭናሉ።

የሚጠብቁት አንድ የጊኝ ዛፍ ነው። ጊኝ ማለት እዚህ ፈረንሳይ፣ ቮዥ ተራራ ሥር የሚበቅለው ትንሽ ጥቁር የጫካ ቼሪ ነው። ሥጋው ስስ ነው፤ ውስጡ ዘር ብቻ። በርሜል ውስጥ ተብላልቶ አረቄ ሲወጣው ግን ቄሳችን ራሳቸው ስብከት ያሳጥራሉ።

እኔ ኤሎዋ ለቃሚያቸው ነኝ። ሕጉ አንድ ነው፤ ዛፍ ላይ የወጣ ሰው ያፏጫል። የሚያፏጭ አፍ አይበላማ! እሳቸው ከሥር ሆነው ያዳምጣሉ።

«ኤሎዋ! ካላፏጨህ እየበላህ ነው!»

«ማዳም፣ እየተነፈስኩ ነው!»

«ሰው እያፏጨ ይተነፍሳል!»

ለአረቄ ሲለቀም ፍሬው ብቻ ተነቅሎ ጭራው ዛፉ ላይ ይቀራል። ስወርድ ቅርንጫፉን አንጋጠው ያያሉ፤ ከዚያ ቅርጫቱን አንሳ ጣል አድርገው ይመዝናሉ።

«ይሄ ሁሉ ጭራ ባዶውን ተንጠልጥሎ ቅርጫቴ እንዲህ ቀለለ?»

«ወፎች ናቸው፣ ማዳም።»

«ወፎቹን ማን ላካቸው?»

ብለው ወደ ሙሴ ጋስፓር አጥር ያፈጣሉ። ሙሴ ጋስፓር ዕድሜ ልካቸውን ጎረቤታቸው ናቸው።

«አንቺ ሴትዮ፣ እኔ የራሴ ዛፍ አለኝ እኮ!»

«ታዲያ የእኔን ምን ታያለህ?»

«ምን ላድርግ፣ መስኮቴ በዚህ በኩል ነው!»

«ማን በዚህ በኩል አውጣው አለህ?»

ቤቱን የሠሩት የሙሴ ጋስፓር አያት ናቸው።

ዛሬ የቀረን ጫፉ ብቻ ነበር። ፀሐይ የጠገበው ምርጡ እዚያ ነው፤ ጫፉን ደግሞ ለማንም አይሰጡም። መሰላሉ አንድ ረጅም እንጨት ነው፤ ግራና ቀኝ መርገጫ ተሰክቶበታል። እኔ ራሴ ስወጣው በሁለት እጄ አንቄ ይዤ ነው።

«እኔ ልውጣ፣ ማዳም። ይተዉት በናትዎ።»

«አንተ? እዚያ ከደረስክማ ፉጨትህ አይሰማኝም!»

ወጡ። እያፏጩ! ራሳቸውንም አያምኑም ማለት ነው። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ቅጠሉ ውስጥ ገብተው ከዓይኔ ከጠፉ በኋላ ፉጨቱ ቀጥ አለ። ይሄን ዕድልማ አላሳልፍም ብዬ፣

«ማዳም! ካላፏጩ እየበሉ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ከዚያ ቅርንጫፍ ሲገነጠል ሰማሁ።

ሙሴ ጋስፓር በዚያ ዕድሜያቸው አጥር ዘለው መጡ። ማዳም መሬት ላይ ወድቀዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል፤ እግራቸው አይንቀሳቀስም። የአምቡላንሱ ሰዎች ቃሬዛው ላይ ሲያወጧቸው ኮሌታዬን ጎትተው፣ «ጋስፓርን ጠብቀው» አሉኝ። ቀጥለው ሙሴ ጋስፓርን ጠርተው በጆሯቸው አንሾካሾኩ።

«ምን አሉዎት?» አልኳቸው።

«አንተን እንድጠብቅ።»

ሁለታችንም ሳቅን። እንዲህ ከተጠራጠሩ ደህና ናቸው፣ ምንም አይሆኑም አልን።

የአምቡላንሱ በር ሊዘጋ ሲል ቀና ለማለት ሞከሩ። ድምፃቸው ቀጥኗል።

«ልጆች… ያማራችሁ እንደሆነ ብሉ።»

ሙሴ ጋስፓር ቆባቸውን አወለቁ። «እንዲህ ብላ አታውቅም» አሉ።

ይሄው መሽቷል። ፍሬው እላዬ ላይ ተንዠርግጓል፤ አንድም አልቀመስኩም፤ ሙሴ ጋስፓርም አልቀመሱም። ጫፉ ላይ ያለው ነገ ካልወረደ ይበሰብሳል። ብለቅመው ማን ሌባ ይለኛል? ሌባ ቢሉኝ እኮ ደስታዬ ነበር። ሆስፒታል ደውለን ነበር፤ ገና ምርመራ ላይ ናቸው አሉን። ይመለሱ አይመለሱ እኔ አላውቅም።