እትዬ ይፈታ

የሰው ልጅ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ስህተት ሲያይ «ምን ይደረግ» ብሎ ያልፋል፤ ሌላው ስህተት ሲያይ እንቅልፍ ያጣል። ከሁለተኛው ዓይነት በየመሥሪያ ቤቱ ቢያንስ አንድ ሰው አይጠፋም። እኛ ጋ ያሉት አንድ ናቸው፤ እሳቸውም ለሦስት መሥሪያ ቤት ይበቃሉ።

ክብርት የመዝገብ ቤታችን ኃላፊ፣ የአራት ሺህ ፋይሎች እናት፣ የጠማማ መስመር ደመኛ፣ በባልደረቦቻቸው ዘንድ «እትዬ ይፈታ» በመባል ይታወቃሉ። ስሙን ያወጣነው እኛ ስንሆን፣ ፊታቸው ግን «እትዬ» ላይ እናቆማለን። ለስሙ ምክንያት የሆነው የፋይል ክር ነው። ስምንት መቶ ገጽ ታስሮ ካለቀ በኋላ አንዲት ወረቀት ተዘቅዝቃ ከታየቻቸው መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ያወርዱና፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ «ይፈታ» ይላሉ። ይግባኝ የለውም።

ፍርዳቸው ደግሞ ፋይል ላይ ብቻ አያበቃም። ሾፌራችን አንድ ጠዋት የጫማውን ማሰሪያ አንድ ቀዳዳ አስዘልሎ መጣ፤ ሥራ አስኪያጁ መኪና ውስጥ እየጠበቁት፣ እትዬ ወንበር ላይ አስቀምጠው አስፈቱት። ጸሐፊያችን ሹሩባ ተሠርታ የመጣች ዕለት፣ ከግራ ሦስተኛው ጠመም ብሏል ተብሎ፣ ምሳ ሰዓቷን በመፈታት አሳለፈችው። ከሰዓት በኋላ ግማሽ ራሷ የተሠራ፣ ግማሽ ራሷ የተንጨባረረ ሆና ባለጉዳይ ስታስተናግድ ዋለች። የተቆጣ ግን አልነበረም፤ እትዬን መቆጣት ዝናብን እንደ መቆጣት ነው።

እኔ ከእሳቸው ጠረጴዛ ጎን አሥራ አንድ ዓመት ስቀመጥ ከፋይል ክር በስተቀር በሌላ ክር ተገናኝተን አናውቅም። ምሳ ሰዓት ላይ ሹራባቸውን አውጥተው ሲሠሩ እኔ ጋዜጣ አነባለሁ፤ በዚህ ተቻችለን እንኖር ነበር። ሰላማችንን ያደፈረስኩት እኔው ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም አልሆኑልንም። ሁለቱንም ጊዜ ልብሱን፣ ካልሲውን፣ አልጋውን አሟልተን ነበር የጠበቅነው፤ ያንን ሁሉ መልሶ መሰብሰብ ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። በሦስተኛው ባለቤቴ ሕግ አወጣች፤ ልጁ በደህና እጃችን እስኪገባ ድረስ ያለቀለት ነገር እቤት አይገባም፣ አንዲት ካልሲ እንኳ ቢሆን። እሺ አልኳት። ግን እኔስ ዘጠኝ ወር ሙሉ ምን ልሥራ? እሷ ቢያንስ ትሸከማለች። እኔ የበሩን እጀታ ሳስተካክል፣ ያልላላውን ብሎን ሳጠብቅ፣ ቤቱን ልጨርሰው ደረስኩ። በመጨረሻ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ወንበሬን ወደ እትዬ ጎተትኩና ነገሩን ሁሉ ነግሬያቸው፣ የሕፃን መጠቅለያ እንዲያስተምሩኝ ለመንኳቸው። ቢሮ ውስጥ እሠራዋለሁ፣ መሳቢያዬ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሕጉም አይጣስም። እትዬ እጆቼን አገላብጠው አዩና፣ «ከፋይል የከፋ አይሆንም» አሉ።

በማግስቱ ጠረጴዛዬ ላይ ብጣሽ ወረቀት አገኘሁ፦ «ቀ 3፣ ክጠ፣ 2ባ፣ ግ 1።» እኔ አሥራ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ቀጥ ብዬ ወደ ፋይል መደርደሪያው ሄድኩና «ቀ» ምድብ፣ ሦስተኛው መደብ ላይ መሰላል ወጣሁ። ግማሽ ሰዓት አቧራ ስጠጣ ከቆየሁ በኋላ እትዬ ከታች ሆነው ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። ወረቀቱን አሳየኋቸው። ፋይል ሳይሆን የሹራቡ ትምህርት ነበር።

ምሕጻሩን የፈጠሩት ራሳቸው ናቸው። መርፌው ላይ የምትቀመጠው እያንዳንዷ የክር ቀለበት በእሳቸው ቋንቋ «ዓይን» ትባላለች። «ቀ» ዓይኗን በቀጥታ መሥራት፣ «ግ» ገልብጦ መሥራት፣ «2ባ» ሁለት ዓይን ባንድ ላይ መያዝ ነው። እስከዚህ ድረስ ተግባባን። መከራዬ «ክጠ» ነበረች፤ ክር ጠምጥም። ምንም ሳትሠራ ክሩን መርፌው ላይ አንድ ጊዜ ጠምጥመህ ታልፋለህ፤ በቃ። እኔ ደግሞ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነገር አልወድም። በመልሱ መስመር ያቺን ብቻዋን የተንጠለጠለች ክር ሳገኛት ባለቤት የሌላት ትርፍ ናት ብዬ ከመርፌው አውርጄ እጥላታለሁ። ስልሳ ዓይን የጀመርኩት ሰውዬ አርባ አንድ ላይ ስደርስ እትዬ መነጽራቸውን አወረዱ። ይፈታ።

ሁለተኛው ጥፋቴ ግን በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ ይጻፋል። ምክራቸውን ሰምቼ እያንዳንዷን «ክጠ» ጠምጥሜ፣ በመልሱም አክብሬ ሠርቼ አንድ ስንዝር ያህል ገፋሁ። ዘርግቼ ባየው ሁሉ ነገሩ ቀዳዳ ነው። ደነገጥኩ። ለእሳቸው ከማሳየቴ በፊት ጉዴን ልሸፍን ብዬ ተራ መርፌና ክር ገዛሁና፣ ቅዳሜን ሙሉ ቢሮ ተቀምጬ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ደፈንኳቸው። ሰኞ ኩራት በኩራት ሆኜ አቀረብኩ። እትዬ ወደ ብርሃን አንስተው አዩት፣ ገለበጡት፣ በጣታቸው ዳሰሱት።

«አበባዎቹን ምን አደረግካቸው?» አሉኝ።

«የምን አበባ?»

ቀዳዳዎቹ ተሰልፈው አበባ የሚያወጡት ናቸው ለካ። ክር የሚጠመጠመውም ቀዳዳው እንዲፈጠር ነው። እኔ የመጠቅለያውን ጌጥ በሙሉ እንደ ተቀደደ ካልሲ ጠግኜ መጣሁ። እትዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ እንባቸውን ጠረጉና «ይፈታ» አሉ።

ቀስ በቀስ እጄ ለመደልኝ። ወረቀቱን ሳላይ መሥራት ጀመርኩ። ግን ይሄ ሁሉ ተሠርቶ መጠቅለያው ከሁለት ስንዝር አያልፍም። ባለቤቴ ሰባተኛ ወሯን ስትይዝ ሁለት ስንዝር ነበር፣ ስምንተኛውንም ስትይዝ ሁለት ስንዝር። ትንሽ ገፋ ባደረግኩ ቁጥር እትዬ መነጽራቸውን ያወርዳሉ፤ ይሄ ጠብቋል፣ ይሄ ላልቷል፣ እስከ አሥረኛው መስመር ይፈታ። አንዳንዴ ስህተቱን እንዲያሳዩኝ እጠይቃለሁ። «ዓይን ያለው ያየዋል» ይሉኛል። እውነቱን ልናገር፣ አንጀቴ እርር ብሎ ነበር። አንድ ቀን ሽንት ቤት ገብቼ ለብቻዬ የሰደብኳቸው ስድብ እዚህ አይጻፍም። ልጁ መንገድ ላይ ነው፣ እኔ አንዲት ጨርቅ መጨረስ አቅቶኛል፤ አባት ብሎ ዝም።

ልጄ ማክሰኞ ጠዋት ተወለደች። ደህና ናት፤ እናቷም ደህና ናት። ጩኸቷን ስሰማ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አልኩ፣ ነርሷ ውኃ አመጣችልኝ።

ሐሙስ ቢሮ ስገባ እትዬ በሩ ላይ ነበሩ። እናትና ልጅ ደህና መሆናቸውን ሁለት ጊዜ ደጋግመው ጠየቁኝ። ከዚያ በሥራ ሰዓት፣ ፋይል ሁሉ ተቆልሎ እያለ፣ መጠቅለያውን እንዳወጣ አዘዙኝ። ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ እኔ ስሠራ እሳቸው ባለጉዳይ እየመለሱ። ሐሙስ ሠራሁ፣ አርብ ሠራሁ፣ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሠራሁ፤ «ይፈታ» የሚባል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ሊያልቅ አራት መስመር ሲቀረው ዘርግቼ ከታች ጀምሬ ማንበብ ያዝኩ። አሁን ምሕጻሩን ከጨርቁ ላይ አነበዋለሁ፤ ቀ ሦስት፣ ክጠ፣ ሁለት ባንድ። ሰባተኛው መስመር ላይ አንድ አበባ የለም። ሳልጠመጥም አልፌያለሁ።

«እትዬ» አልኳቸው፣ «ሰባተኛው ላይ ቀዳዳ ጎድሏል።»

«አውቃለሁ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ከሁለት ወር በፊት ነው ያየሁት።»

ሁለት ወር ሙሉ የሚያስፈቱኝ ከላይ እስከ አሥረኛው ነበር። ሰባተኛው ከነጉድለቱ አንድም ቀን አልተነካም። ታዲያ ከአሥረኛው በላይ ስህተቱ ምን እንደነበረ ጠየቅኳቸው።

«ምንም አልነበረበትም» አሉ። መነጽራቸውን አወለቁና በቀሚሳቸው ጠርዝ ይጠርጉት ጀመር። «ያለቀለት ነገር አልፈልግም ብላለች ብለኸኛል። አንተ ደግሞ እጅህ ሥራ ከፈታ ጭንቀት ሊገድልህ ነው። ምን ላድርግ ታዲያ? እንዳያልቅም፣ እንዳታቆምም አደረግኩህ።»

እኚህ የተዘቀዘቀች ወረቀት የምታሳምማቸው ሴት፣ የጎደለውን አበባ ሁለት ወር ሙሉ እያዩ፣ ለእኔ ብለው ችለውት ኖረዋል። የዚያን ዕለት እቅፍ አድርጌ ሳምኳቸው፤ እትዬ አልለመደባቸውምና ክሩ እንዳይወሳሰብ ተጠንቀቅ አሉኝ።

የቀሩትን አራት መስመሮች ጨርሼ መጠቅለያውን ማታውኑ ይዤ ገባሁ። ባለቤቴ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ሰማችኝ፤ የቀዳዳ ድፈናው ላይ ሳቀች፣ የአሥረኛው መስመር ላይ ስደርስ መጠቅለያውን ከእጄ ወሰደች። ልጃችንን ጠቀለለቻትና አልጋው ላይ አጋድማ ብዙ አየቻት። ከዚያ በእጇ ስንዝር ከራሷ እስከ እግሯ ለካቻት።

«ይሄ ቶሎ ያጥራታል» አለችኝ። «ለመጪው ዓመት የሚሆናት፣ ከፍ ያለ፣ ሌላ ጀምርላት።»