የአማቴ እናት ስካነር ውስጥ

አዲስ አበባ ውስጥ ምክር ለማግኘት መድከም አያስፈልግም፤ አንድ ዕቃ ልትገዙ እንዳሰባችሁ ጮክ ብላችሁ መናገር ብቻ ይበቃል። ፍሪጅ ልገዛ ነው በሉ፤ ዕድሜ ልኩን ፍሪጅ ሲፈታና ሲገጥም የኖረ የሚመስል ሰው ከየት እንደመጣ ሳታውቁት አጠገባችሁ ይቆማል። ታክሲ ውስጥ ብትናገሩትማ ከመገናኛ ጎሮ እስክትደርሱ የቱን ብትገዙ እንደምትጸጸቱ፣ የቱን ባለመግዛታችሁ እንደምትቆጩ ተነግሯችሁ ትወርዳላችሁ። እኔ በዚህ ልማዳችን አልስቅም። እንዲያውም እኮራበታለሁ። የሌላ አገር ሰው ከፍሎ የሚያገኘውን ግራ መጋባት እኛ በነጻ እንሰጣጣለን።

እኔ ግን የፈለግሁት ፍሪጅ አልነበረም። የድሮ ፊልም አንብቦ ኮምፒውተር ውስጥ የሚያስገባ ስካነር ነበር። ይህንንስ ማን ያውቀዋል፣ ምክሩ ይቀልልኛል ብዬ ነበር። ምን ያህል እንደተሳሳትኩ ትሰማላችሁ።

ነገሩ የመጣው በአማቴ ነው። አማቴ አደይ ለተብርሃን ከትግራይ መጥተው፣ ጨርቅ ነግደው፣ ልጆቻቸውን አስተምረው ዛሬ ጎሮ የሚኖሩ ሴት ናቸው። «አደይ» በትግርኛ እናቴ ማለት ስለሆነ እኔም ልጃቸውን ሰናይትን ካገባሁ ጀምሮ እንደ ልጆቻቸው አደይ ነው የምላቸው። አንድ እሑድ ምሳ በልተን ስንጨዋወት ድንገት «የእናቴ ፊት እየጠፋኝ ነው» አሉ። ድምጿ አለ፣ የእጇ ሙቀት አለ፣ ፊቷን ግን ላስበው ስል ይሸሸኛል አሉን። አላለቀሱም። ዝናብ መጣል አለመጣሉን እንደሚነግር ሰው ነበር የተናገሩት። ሰናይት የያዘችውን ብርጭቆ ቀስ ብላ አስቀመጠች።

ፎቶ አልነበራቸውም ወይ ትሉ ይሆናል። ነበራቸው እንጂ! ነገር ግን በዚያ ዘመን ሰው ፎቶ የሚነሳው ለመስጠት ነበር። ጀርባው ላይ «ለማስታወሻ ያህል» ተብሎ ይጻፍና ለወንድም፣ ለእህት፣ ለክርስትና ልጅ ይታደላል። አደይ ደግሞ እጃቸው አይጨበጥም፤ የእናታቸውን ፎቶ ለለመናቸው ሁሉ ሲሰጡ ሲሰጡ አንድ ቀን ለራሳቸው ምንም አልቀረም። ከተቀበሉት አንዱ ሞተ፣ ሌላው ቤት ሲቀይር ጠፋበት፣ የአንዷ አልበም ውኃ ገባበት። ተርፎ የቀረው ማንም «ስጡኝ» ያላለው ነገር ብቻ ነው፦ ኔጋቲቩ። ማንስ ይጠይቀዋል? የክብሪት ቀፎ የሚያክል ፊልም ሆኖ፣ ነጠላዋ ጥቁር፣ ጸጉሯ ነጭ፣ ፊቷ የነጣ ሴት ናት ያለችበት። አደይ ከዳዊታቸው ገጾች መሀል አኑረውት ኖረዋል።

እኔም አማች ነኝና አፌ ቀደመ። በየዓመቱ ኅዳር ሚካኤልን ይዘክራሉ፤ ለዝክሩ ቀን አሳጥቤ፣ በፍሬም አስገብቼ አመጣልዎታለሁ አልኳቸው። «ወደይ፣ ይሁንልህ» ብለው መረቁኝ። ወደይ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ከተመረቅሁ በኋላ ወደ ኋላ የለም።

የመጀመሪያው መካሪዬ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ግርማ ነበር። ስካነር ምን ያደርግልሃል አለኝ። ላፕቶፕህ ላይ ነጭ ስክሪን ክፈት፣ ኔጋቲቩን ለጥፍበት፣ በስልክህ አንሳው፣ ከዚያ ቀለሙን ገልብጠው፤ አለቀ፣ ደቀቀ! እንዳለው አደረግሁ። የስክሪኑ ነጠብጣብ ሁሉ አብሮ ተነሳና ሴትየዋ ከወንፊት ጀርባ ቆማ የምታየኝ መሰለች። ፊልሙን ከስክሪኑ ራቅ አድርጎ መያዝ እንደሚገባ ግርማ የነገረኝ ከሳምንት በኋላ ነው። ጥሩ መካሪ ሁሉን በአንድ ቀን አይጨርስም።

ቀጥሎ ሰናይት አትላስ ካለው ቢሯቸው የሰነድ ስካነር ሞከረችልኝ። ውል ያነሳል፣ ደረሰኝ ያነሳል፣ ኔጋቲቭ ምን ይገድደዋል? ያገኘነው ጥቁር አራት ማዕዘን ነበር። «አያቴን ከሰል አደረጋት» ብላ ደወለችልኝ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ፦ ወረቀት የሚነበበው ብርሃን ሲያርፍበት ነው፤ ፊልም ግን ብርሃን ከጀርባው ሲያልፍበት ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገኝ ክዳኑ ውስጥም መብራት ያለው ስካነር ነው። ይህን በራሴ ስለደረስኩበት የተሰማኝን ኩራት አልደብቅም።

እንዲህ ያለውን የዲዛይን ሥራዋን ከምትዘጋ ሴት ያገለገለ ገዛሁ። ወዳጆቼ፣ እንዴት ያለ ማሽን ነው! ፊልሙን በፕላስቲክ ማቀፊያው አስገብታችሁ ክዳኑን ስትዘጉ እንደማጉረምረም ይልና መብራቱ ከዳር ጀምሮ መጓዝ ይጀምራል። አይቸኩልም። ሥራውን የሚያውቅ መቼ ይቸኩላል? ኮምፒውተሩ ላይ መጀመሪያ ጸጉሯ መጣ፣ ቀጥሎ ዓይኗ፣ ቀጥሎ የነጠላዋ ጥለት። ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ ተገለበጠና ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ሴት ቀና ብላ አየችኝ። ብቻዬን ነበርኩ፤ ግን «እንደምን ዋሉ» ከማለት ለጥቂት ነው የዳንኩት።

ችግሩ ፊልሙ በጣም ቆሽሿል። አቧራው፣ የጣት አሻራው፣ ጭረቱ! ይባስ ብሎ አንገቷ ላይ ጭረቱ ተደርድሮ ወርዷል፤ ግንባሯን ሳይቀር አንድ ነገር ቧጥጦታል። በዚህ ጊዜ የስካነሩን ሶፍትዌር መመርመር ጀመርኩ። የአውሮፕላን አብራሪ ፊት የሚደረደረው ቁልፍ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። ግማሹን አልነካሁም፣ ሌላውን ግማሽ ነክቼ ተጸጸትኩ። በመጨረሻ ግን «አቧራና ጭረት አስወግድ» የሚል አገኘሁ። ምርጫው ሦስት ነው፦ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ። እስቲ ፍረዱኝ፣ ለአማቱ «መካከለኛ» የሚመርጥ አማች አለ?

ከፍተኛውን ተጫንኩ። ሲጨርስ አቧራ የለም፣ አሻራ የለም፣ ጭረት የለም፤ ፊቷም አንገቷም ዛሬ ጠዋት እንደታጠበ ጥርት ብሏል። ይህን የሠራ ሰው እጁ ይባረክ ብዬ ጮህኩ። ለሰናይት እንኳ አላሳየኋትም፤ ለእሷም ድንገተኛ ደስታ እንዲሆን። ቦሌ ወስጄ በትልቁ አሳጠብኩት፣ ወርቃማ ፍሬም መረጥኩለት።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት የአደይ ቤት በዘመድና በጎረቤት ሞልቷል። ቄሱ ጸበል ጸዲቁን ባርከው እንደተቀመጡ ተነሥቼ መጠቅለያውን ገለጥኩ። «ውይ ስታምር!» የማይል አልነበረም። ሰናይት አያቷን ከተገለበጠው ፊልም ውጭ አይታት ስለማታውቅ አፏን ይዛ ቀረች። አደይ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ፍሬሙን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ረዥም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ በትሕትና ቀና አሉና «ቆንጆ ናት፤ እግዚአብሔር ይባርካት። የማን ልጅ ናት?» አሉኝ።

ሰናይት እጄን ይዛ ጓዳ አስገባችኝና «ጨርሳ ረሳቻት» ብላ አለቀሰች። ዘግይቻለሁ ማለት ነው። እኔ ከግርማ ምክርና ከስክሪን ጋር ስጫወት የእናታቸው ፊት ሄዷል፤ ፎቶው እንኳ ሊመልሰው አልቻለም። በዚያች ሰዓት ስካነሩን ከነክዳኑ ብሰብረው ደስ ባለኝ።

ስንመለስ አደይ ፍሬሙን አልለቀቁም። ጣታቸው መስታወቱ ላይ፣ አንገቷ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው ዓይኗ የእናቴ ነው፣ አፏም የእናቴ ነው፣ ይሄ አንገት ግን የማን ነው አሉ። «ንቅሳቷስ? የእናቴ አንገት እኮ ንቁስ ነው። ልጅ ሆኜ ስታቅፈኝ መስመሩን በጣቴ እየተከተልኩ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ። ግንባሯ ላይም መስቀል ነበራት። ይቺን ማን ፋቃት?»

ከዚያ እኔ አማች ከሆንኩ ጀምሮ ካንገታቸው ወርዶ የማያውቀውን ነጠላ ፈታ አደረጉት። ይኸው አሉ፤ እኔንም ያስነቀሰችኝ የራሷን እያሳየች ነው። አየሁ። የአማቱን አንገት አተኩሮ የሚያይ ጨዋ አማች የለምና ገና ያን ቀን ማየቴ ነበር። እኔ ጭረት ያልኩት፣ ያ ሁሉ ተደርድሮ የወረደው መስመር፣ አንድም ሳይጎድል አደይ አንገት ላይ አለ።

«ከፍተኛ» የምትለዋን ቁልፍ ጉድ በቄሱና በዘመዱ ሁሉ ፊት አስረዳሁ። መጀመሪያ ቄሱ ሳቁ፣ ቀጥሎ ቤቱ ሁሉ። ከሁሉም በላይ የሳቁት አደይ ነበሩ፤ ሲስቁ እንባቸው ወረደና በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «አልጠፋችኝም ማለት ነው እንዴ?» አሉ። ሰናይት ሄዳ አቀፈቻቸው። እኔ አማቴን ሁልጊዜም አከብራቸው ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አደንቃቸዋለሁ። እናታቸውን የለዩት ፎቶው ውስጥ በሌለው ነገር ነው። ሶፍትዌሩንም ቢሆን አልወቅሰውም። አቧራውን ከፊት፣ አሻራውን ከጥለት የለየ ጎበዝ ነው፤ የሠራው ሰው የእናቱ አንገት ባዶ ነበር ማለት ነው እንጂ።

በማግስቱ ቁልፏን አጥፍቼ እንደገና አነሳኋት። አቧራው ተመለሰ፣ አሻራው ተመለሰ፣ ጉንጯ ላይ ያለው እውነተኛው ጭረትም ተመለሰ፤ ንቅሳቷና የግንባሯ መስቀልም አብረው መጡ። አደይ አዲሱን ፎቶ ሲያዩ መስታወቱን ስመው «አሁን መጣች» አሉ። ግድግዳው ላይ ሰቀልነው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን አደይ አስጠሩኝና የራሳቸውንም ፎቶ ከእናታቸው ጎን መስቀል እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ነጠላቸውን ከአንገታቸው ገለጥ አድርገው ተቀመጡ፤ አነሳኋቸው። ስልኬ ላይ ሲያዩት ግን ጉንጫቸውን በጣታቸው ዳሰሱ። ቆይተው ያ ፍቆ የሚያጠፋው ነገርህ አሁንም አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አለ አልኳቸው። «እንግዲያስ ሽብሽቤን ጥረግልኝ። እሷ በልጅነቷ ነው ያረፈችው፤ ጎን ለጎን ስንሰቀል እንግዳ ሁሉ እኔን እናቷ ናት ይለኛል። ንቅሳቴን ግን እንዳይነካብኝ፤ ልጇ መሆኔ የሚታወቀው በእሱ ነው።»

ፎቶውን አሳጥቤ በስካነሩ ሞከርኩ። ዝቅተኛው ሁለቱንም ይተዋል። ከፍተኛው ሁለቱንም ይወስዳል። መካከለኛው ንቅሳቱን ወስዶ ሽብሽቡን ያስቀራል። ቢቸግረኝ ትናንት ከመገናኛ ጎሮ ታክሲ ውስጥ ሆኜ የአንዲት እናትን ሽብሽብ አጥፍቶ ንቅሳቷን የሚተው ሶፍትዌር ልገዛ ነው ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ታክሲው ሙሉ ሰው ነበር። ሁሉም አንድ ጊዜ ዞሮ አየኝና ወደ መስኮቱ ተመለሰ። እስክንደርስ ድረስ የተናገረው ረዳቱ ብቻ ነው፤ እሱም «ወራጅ አለ?» ነው ያለው።