ወፏ ቧንቧችን ላይ ስታርፍ

እኔ ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም፤ ይህን ግን በአፌ ለመናገር ስላፈርኩ ጻፍኩት። ቅርብ ያለ ነገር ለማየት ወደ ኋላ የሚሸሽ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ዓዲ ሓቂ ያለው ግቢያችን ውስጥ የተከራዩ አንድ መምህር አሉ። የካሜራቸው ሌንስ ከክንዴ ይረዝማል፤ ቅርብ ያለ ነገር ግን አያነሳም። ስለዚህ አውራ ጣት የምታክል ወፍ ለማንሳት ከግቢው ወጥተው መንገድ ማዶ ይቆማሉ።

ቅዳሜ ጠዋት የፈረቃ ውሃችን መጣ። ካመለጠን ሳምንት መጠበቅ ነው። በርሜላችንን ልሞላ ጀሪካን ይዤ ስሮጥ ወፏ ቧንቧው ላይ አርፋለች።

«እኅቴ፣ እንዳትነቃነቂ፣ ትደነግጣለች!» ብለው መምህሩ ከማዶ ጮኹ። ወፏ አልደነገጠችም፤ የደነገጥኩት እኔ ነኝ። ቆምኩ። መምህር እንዴት እምቢ ይባላል?

ወፏ አንዱን ክንፏን አበጠረች፤ አረፍ አለችና ሌላውን ጀመረች። ሙሽራ እንኳ ይህን ያህል ትቆያለች?

«ጓለይ፣ ልጄ፣ በርሜሉ ሞላ?» አለች እናቴ ከቤት ውስጥ። ከእናቴና ከወፏ ማንን ልፍራ?

ወፏ ስትበር ቧንቧውን ከፈትኩት። ሁለት ጊዜ ሳለና ጸጥ አለ። መምህሩ ግንባራቸውን እየጠረጉ ደስ ብሏቸው ገቡ።

«ፀሐዩ አቃጠለኝ እኮ፤ እስቲ እኅቴ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ስጪኝ።»