እስኪ ሰባት ቤት ቁጠሩ!

እስኪ ሰባት ቤት ቁጠሩ! አያታችሁ ላይ ቆማችሁ አይደል? አይዟችሁ። እኔ እኮ የተጠየቅኩት በሽማግሌ ፊት ነው።

አባቴ አብነት ሰፈር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ወሬያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የተወለዱባት ዝግባ በር የምትባል የሸዋ መንደር እንዴት እንደተቆረቆረች። ማን ቀድሞ ገባ፣ ማን የማን ልጅ ነው... ሲጀምሩልኝ ምን እል ነበር? «ከኳሱ በኋላ፣ አባባ!» እሳቸውም «እሺ ልጄ፣ ይደርሳል» ይሉና ወደ ስፌታቸው ይመለሳሉ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል። ኳሱ እስከ ዛሬ አላለቀም፤ እሳቸው ግን ካቻምና አረፉ።

ዘንድሮ ለልጄ ሽማግሌ መጣ። ልጁ ጨዋ ነው፣ እዚሁ ጌጃ ሰፈር ያደገ። ደስ ብሎኝ ሳላበቃ የአባቱ አገር ዝግባ በር ሆኖ ቁጭ አለ! በኛ ደግሞ እስከ ሰባት ቤት ከተዛመዱ ጋብቻ የለም። የልጁ አጎት ቆጠሩ ቆጠሩና ስድስተኛው ላይ ይመኑ የሚባል ሰው ጋ ደረሱ። «ይመኑና የእናንተው ዘለቀ መንደሯን አብረው ያቀኑ ወንድማማቾች ናቸው ይባላል። እርስዎስ ምን ይላሉ?» አሉኝ።

ምን ልበል? ዘለቀ የኔ ዘር መሆኑን ራሱ ገና ከአጎትየው መስማቴ ነው! ልጄ ጓዳ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ሽማግሌዎቹ ለሳምንት ቀጥረውኝ ወጡ። ልጄ «አባባ ነግረውህ አልነበር እንዴ?» ብቻ አለችኝ። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ቢጨንቀኝ አብነት ሄድኩ፣ ጋሽ ሰይድ ዘንድ። የወሎ ሰው ናቸው፤ የስፌት መኪናቸውን ከአባቴ መኪና ጎን አቁመው ሰላሳ ዓመት አብረው የሰፉ። ዝግባ በርን በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ጉዳዬን ስነግራቸው እግራቸውን ከፔዳሉ እንኳን አላነሱም።

«የምን ወንድም! ዘለቀ የጠፋ በሬ ሲፈልግ ነው ምንጩን ያገኘው። በሬው አልመለስ ቢለው እሱም እዚያው ቀረ። ይመኑ ከሌላ አገር መጥቶ ዝናቡ እስኪያባራ ብሎ የተጠጋው እንግዳ ነው። ይኸው እስካሁን አላባራለትም!» አሉና ከዘለቀ እስከ እኔ ድረስ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩልኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ? ያንን ሁሉ የአባቴን ወሬ ጎረቤት ሰምቶታል። እንባዬ መጣ።

በቀጠሮው ቀን ጋሽ ሰይድን ይዤ ቀረብኩ። ሙስሊሙ ሽማግሌ የክርስቲያኑን መንደር አባቶች አንድ በአንድ ሲጠሩ የልጁ አጎት ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «ለካ ለዚህ ነው የኛን ግቢ እስከ ዛሬ የእንግዳው ቤት የሚሉት!» አሉ። ነገሩ በምርቃት አለቀ።

ጋሽ ሰይድን ስሸኛቸው መንገድ ላይ ቆም አሉ። «እኔም የኔን መንደር ለአባትህ ነበር የማጫውተው። አሁን ማን አለኝ? ልጆቼ እንዳንተው ናቸው፣ ጊዜ የላቸውም። እስኪ አንድ ቀን ቁጭ በልና ስማኝ» አሉኝ።

እንዴት እምቢ ይባላል? ግን አዳራሹ አለ፣ ጥሪው አለ፣ የሰርግ ጣጣ መች ያልቃል!

«ከሰርጉ በኋላ፣ ጋሽዬ» አልኳቸው።

«እሺ ልጄ፣ ይደርሳል» አሉኝ።